በሟች አባቴ ስም ባለ ካርታ ላይ ሰርቪስ ቤት ጀምረን ቆመብን

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን አዘውትሬ አነባለሁ፤ እኔም አንድ ቀን እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። የ34 ዓመት ሴት ነኝ። ጉለሌ፣ ወላጆቼ ቤት ውስጥ ከእናቴ ጋር ነው የምኖረው። አባታችን ካረፈ 5 ዓመት ሆነው። ሦስት ልጆች ነን። ታላቅ ወንድሜ አግብቶ ለብቻው ወጥቷል። ታናሽ እህቴ ዱባይ ከሄደች 8 ዓመት ሆናት።

እህቴ ባለፈው ዓመት ጓሮ ባለው ባዶ ቦታ ላይ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ከነሽንት ቤቱ እንድንሠራ ሐሳብ አመጣች። አንዱ ተከራይቶ ለእናቴ የመድኃኒትና የአስቤዛ ይሆናል፤ አንዱ ደግሞ እሷ ስትመጣ የምታርፍበት። 600 ሺህ ብር ላከች። ሥራውን የያዘው ወንድሜ ነው። “ፈቃድ አያስፈልገውም ወይ?” ስለው፣ “ለሰርቪስ ቤት ማን ፈቃድ ያወጣል? ሰፈሩን ዞር ዞር ብለሽ እዪ” ብሎ ሳቀብኝ። እናቴ “ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል” ብላ ነበር፤ ሰሚ አላገኘችም። ቅዳሜ ከሰዓት ግንበኞቹ ገቡ፤ እሑድም ሠሩ። ሰኞ ጠዋት አራተኛው መደዳ ብሎኬት ላይ እንደደረሱ ደንብ አስከባሪዎች መጥተው አስቆሟቸው። ብሎኬቱ ላይ በቀይ ቀለም ምልክት አድርገው “ወረዳ ቅረቡ” ብለውን ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ሰላም የለውም። ወንድሜ “የሻይ እንስጥና እንጨርሰው፤ ክረምት ሳይገባ ቆርቆሮ መልበስ አለበት” ይላል። የጠቆመብን ጎረቤታችን ጋሼ ናቸው ብሎ ደግሞ አጥር ላይ ቆሞ ሰደባቸው። ጋሼ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ለአባቴ እንደ ወንድም ነበሩ። ባለቤታቸውና እናቴ ያለ ቡና ውለው አያውቁም። አሁን እናቴ በራቸው ላይ ማለፍ አፍራለች። ግፊቷም ተነሥቶባታል።

እኔ ወረዳ ሄጄ ጠየቅሁ። የመጀመሪያው ጥያቄ “ካርታው በማን ስም ነው?” የሚል ነበር። በአባቴ ስም ነው አልኳቸው። “እንግዲያው መጀመሪያ ወራሽነት አረጋግጡ፣ ስም አዛውሩ” አሉኝ። ይህን ለወንድሜ ስነግረው ፊቱ ተለዋወጠ። “እናታችን በሕይወት እያለች ውርስ? ሰው ምን ይለናል?” አለ። እናቴም አለቀሰች። እህቴ በየቀኑ በዋትሳፕ “ፎቶ ላኪልኝ” ትለኛለች። ሥራው ሳይቆም ያነሣሁትን ፎቶ እየመረጥኩ እልክላታለሁ። መቆሙን አልነገርኳትም። በዓመቱ መጨረሻ ጠቅልዬ እመጣለሁ ብላለች።

ምን ላድርግ? ወንድሜ እንዳለው ከፍለን እንጨርሰው? ወይስ አፍርሰነው እንገላገል? እህቴንስ ምን ብዬ ልንገራት?

ግራ የገባት፣ ከጉለሌ

ውድ እህቴ፣

ቀይ ቀለሙም የወረዳው ደጅ ጥናትም መፍትሔ አለው። እኔን ያሳሰበኝ የድሮው ፎቶ ነው። ስለዚህ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር።

የጨነቀሽ ይገባኛል። እውነቱን ብትነግሪያት በወንድሟ ልትቀየም ነው፤ እናትሽም የበለጠ ልትታመም ነው። ግን እስካሁን ጥፋቱ የወንድምሽ ችኮላ ብቻ ነበር። በየቀኑ ፎቶ እየመረጥሽ ስትልኪ ግን ነገሩ የአንቺም እየሆነ ነው። 8 ዓመት ሰው አገር ሠርታ ያጠራቀመችው ብር ነው፤ ቦሌ ወርዳ አራት መደዳ ብሎኬት ስታገኝ መጀመሪያ የምትጠይቀው ወንድምሽን አይደለም፤ አንቺን ነው። ከዛሬ ጀምሮ የድሮ ፎቶ አትላኪ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከ600 ሺሁ ውስጥ ስንት እንደወጣና ስንት እንደቀረ ታውቂያለሽ? ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት፤ የለም። ከመደወልሽ በፊት ወንድምሽን ይህን ጠይቂው። በንዴት እንዳይሆን፣ ሚስቱና ልጆቹ ባሉበትም እንዳይሆን። “እህታችን ልትጠይቀን ነው፤ አብረን እናዘጋጅላት” በዪው። ለብሎኬትና ለሲሚንቶ ይህን ያህል፣ ለአሸዋና ለፌሮ ይህን ያህል፣ ለግንበኛ ይህን ያህል፣ በእጅ ያለው ይህን ያህል። ደረሰኝ ያለው ከነደረሰኙ፣ የሌለው በወረቀት ተጽፎ። ከዚያ ደውይላት። ሥራው መቆሙን፣ ፈቃድ አለመውጣቱን፣ ሒሳቡን ንገሪያት፤ ቀይ ቀለም ያለበትንም ፎቶ ላኪላት። ልትቆጣ ትችላለች፤ ይሁን። ወንድምሽ ሒሳቡን አላሳይም ካለ ደግሞ ያንኑ ንገሪያት። አንቺ ለእሱ መሸፈኛ የምትሆኚበት ምክንያት አይታየኝም።

አሁን ወደ ፈቃዱ። ወንድምሽ “ሰፈሩን ዞር ብለሽ እዪ” ያለው ውሸት አይደለም። ያለ ፈቃድ የተሠራ ክፍል ያለበት ግቢ ሞልቷል። ሕጉ ግን እንደሱ አይልም። የሕንፃ ሕጉ ሕንፃዎችን በምድብ ይከፍላል። ፎቅ የሌለው ትንሽ ቤት ቀላሉ ምድብ ውስጥ ይገባል። የእናንተ ሁለት ክፍል እዚያ ነው የሚመደበው። የሚጠየቀው ዲዛይንም ቁጥጥሩም ከፎቅ ቤት ይቀላል። ያለ ፈቃድ ይጀመር ግን አልተባለም። የዛገ ቆርቆሮ መቀየርና ቀለም መቀባት የእድሳት ጉዳይ ነው። አዲስ መሠረት ቆፍሮ ክፍል መጨመር ግንባታ ነው።

መጀመሪያ የሚጠየቀው የፕላን ስምምነት ነው። ብዙ ሰው እንደ ተራ ወረቀት ይቆጥረዋል። በእኔ እምነት ግን ከሁሉም በላይ ለናንተው የሚጠቅመው እሱ ነው፤ ምክንያቱም ቦታችሁ በከተማው ፕላን ላይ ምን እንደተባለ የሚነግራችሁ እሱ ነው። በጓሯችሁ መንገድ ታስቦ ይሆናል፤ ላይታሰብም ይችላል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት ስንት አጥር ወደ ውስጥ እንደገባ በዓይንሽ አይተሻል። ቦታ ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ ካሳ የሚታሰበው በሕግ አግባብ ለተሠራ ንብረት ነው። ያለ ፈቃድ የቆመ ሰርቪስ ይዛችሁ ካሳ ልትጠይቁ ብትሄዱ ምን እንደምትባሉ መገመት አያቅትሽም። የእህትሽ ብር እዚያ ላይ እንዲቀልጥ አትፈልጊም መቼም።

“የሻይ” የተባለውን አትንኪው። የፀረ ሙስናው ሕግ ተቀባዩን ብቻ ሳይሆን ሰጪውንም ነው የሚይዘው። ሕጉን እንተወውና ብሩ የሚገዛላችሁን ነገር አስቢ። የአንድ ሰው ዝምታ ነው። ያ ሰው ነገ ይቀየራል፤ ሌላው ይመጣል፤ ወረቀት የላችሁም። ከዚያ በኋላ በየጊዜው ሻይ ስታፈሉ መኖር ነው።

እናትሽን ያስለቀሰው ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የነገሩ ሥር እዚያ ነው። ወረዳው ያለሽ ትክክል ነው። ፈቃድ የሚሰጠው ለባለይዞታው ነው፤ አባታችሁ ደግሞ ማመልከቻ ላይ ሊፈርሙ አይችሉም። 5 ዓመት ሙሉ ማንም ያልነካውን ጉዳይ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ጎትቶ አወጣው። እናትሽ “ውርስ” ሲባል የሰሙት “ቤትሽን ልንካፈል ነው” የሚል ይመስለኛል። በእሳቸው ቦታ ብሆን እኔም አለቅሳለሁ።

ስለዚህ ቁጥሩን ቀስ ብለሽ አስረጃቸው። ቤቱ የተፈራው በትዳር ውስጥ ከሆነና አባትሽ ኑዛዜ ካልተዉ፣ ግማሹ ከመጀመሪያውም የእናትሽ የራሳቸው ነው። ውርስ አይደለም፤ ማንም አይነካውም። የሚወረሰው የአባትሽ ግማሽ ብቻ ነው። እሱንም ሦስታችሁ ልጆች እኩል ትወርሳላችሁ፤ ታላቅ ታናሽ፣ ወንድ ሴት ሳይባል። ከጠቅላላው ሲታሰብ ለእያንዳንዳችሁ አንድ ስድስተኛ ይደርሳችኋል። ስም ማዛወር ደግሞ መከፋፈል ማለት አይደለም። ካርታው በአራታችሁ ስም ሆኖ እናትሽ በዚያው ሳሎን፣ በዚያው መኝታ ቤታቸው ይኖራሉ። ሸጠን እንካፈል ካልተባለ በስተቀር ምንም አይለወጥም።

ሥራው የሚጀምረው ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ በማውጣት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ይህን የከተማው ፍርድ ቤት ያያል። የሞት ምስክር ወረቀት፣ የልጅነታችሁ ማስረጃና ምስክሮች ያስፈልጋሉ። እህትሽ መምጣት አይጠበቅባትም። ዱባይ ባለው ቆንስላ ውክልና ትሰጣለች፤ ሰነዱ እዚህ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በውልና ማስረጃ በኩል ያልፋል። ውክልናውን ለማን ትስጥ ብትዪኝ ለአንቺ እላለሁ፤ ምርጫው ግን የእሷ ነው፤ አንቺ “ለኔ ስጪኝ” አትበያት። አባወራው ካለፉ ጀምሮ ያለውን የጣሪያና ግድግዳ ግብር ደረሰኝም ከአሁኑ ፈልጊ። የዓመታት ውዝፍ ካለ መስኮት ላይ ደርሶ ከመስማት ቤት ሆኖ ማወቅ ይሻላል።

የወንድምሽ ፊት ለምን እንደተለዋወጠ አላውቅም፤ አንቺም አታውቂም። ሌባ ነው ብለሽ አትደምድሚ። አባት ሲሞት ታላቅ ወንድ ልጅ ሳይጠየቅ ኃላፊ ይሆናል። 5 ዓመት ግቢውን “የኔ ኃላፊነት” ብሎ የያዘ ሰው ወረቀት ሲመጣ ድርሻው ከታናናሾቹ እኩል መሆኑን ያያል። ያ ያስደነግጣል። ወይም ደግሞ በእህቱ ብር መቸኮሉ አሳፍሮት ይሆናል። ለብቻው አግኝተሽ “ምን ያስፈራሃል?” ብለሽ ጠይቂው፤ ከዚያ ዝም ብለሽ ስሚው።

እዚህ ላይ ማንም ያላነሣው አንድ ጥያቄ አለ። የእህትሽ ብር የሚያርፈው የእሷ ድርሻ አንድ ስድስተኛ በሆነ ቦታ ላይ ነው። ሰርቪሱ ሲያልቅ የማን ነው? የሁላችሁ? የእሷ ብቻ? የእናትሽ እስከ ዕድሜያቸው፣ ከዚያ የእሷ? ኪራዩ ለእናትሽ ከሆነ መልካም፤ ከእሳቸው በኋላስ? ስትስማሙ የማይጠየቅ ስትጣሉ የሚጠየቅ ነገር ነው። አሁን ገና አራት መደዳ ላይ እያለ ተነጋገሩበት። የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ውል በፍትሐ ብሔር ሕጉ በጽሑፍ ሆኖ ውልና ማስረጃ ወይም ፍርድ ቤት ፊት ካልተደረገ አይጸናም። “እኛ እኮ ወንድምና እህት ነን” የሚለው ክርክር ሲመጣ አያድንም። ቢያንስ ያወጣችው ብር መጠን ሁላችሁም ፈርማችሁበት ይቀመጥላት።

ኪራዩን ካነሣሁ አይቀር፣ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከ2 ዓመት እንዳያንስ ያዛል። ስለዚህ “ለጊዜው እናከራይና እህቴ ስትመጣ እናስወጣቸዋለን” የሚል ሐሳብ ካለ ከአሁኑ ተዉት።

ጋሼን በተመለከተ ወንድምሽ እሳቸው ናቸው ያለው በምን ማስረጃ ነው? መንገድ ዳር አንድ ቢያጆ አሸዋና ክምር ብሎኬት ተራግፎ፣ ቅዳሜና እሑድ አካፋ ሲንኳኳ ውሎ፣ ሰኞ ሰው ቢመጣ ጠቋሚ አያስፈልገውም። ደንብ አስከባሪው ቅዳሜና እሑድ ላይ የሚሠራ ቤት የት እንዳለ ያውቃል። እሳቸው ጠቁመው ቢሆንስ? እንዲያውም አንድ ነገር አድርጊ። አጥሩን ተሻግረሽ በእሳቸው ግቢ ቆመሽ ግንቡን እዪው። ከወሰኑ ምን ያህል ይርቃል? መስኮቱ ወደ ማን ጓዳ ሊከፈት ነው? ጣሪያው ሲለብስ ውሃው የሚወርደው የት ነው? አሸንዳ ታስቦለታል? የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ከእሳቸው ግድግዳ ሥር ሊቆፈር ነበር? ሕጉም ቢሆን ባለቤት ንብረቱን ጎረቤቱን በሚጎዳ መንገድ እንዳይጠቀም ይከለክላል፤ ጭሱንና መጥፎ ሽታውን ሳይቀር ጠቅሶ። ወደ ጎረቤት የሚከፈት መስኮት ከወሰን መራቅ ያለበት ልክ ስላለ ንድፉን የሚሠራው ባለሙያ ከወረዳው ጋር ያመሳክርላችሁ። ከእነዚህ ጥያቄዎች አንዱ እንኳን ካስደነገጠሽ ጋሼ ተናገሩም አልተናገሩም ቅር የሚያሰኛቸው ነገር ነበር ማለት ነው።

ይቅርታውን መጠየቅ ያለበት የተሳደበው ሰው ነው። አንቺ ሄደሽ በእሱ ስም ብትጠይቂ ጋሼ ይስቁልሻል፤ ልባቸው ግን አይሽርም። እናትሽ ግን የልጃቸውን ይቅርታ መጠበቅ የለባቸውም። ስኒውን ደርድረሽ “ቡና ደርሷል” ብለሽ እትዬን ጥሪያቸው። ሴቶቹ የራሳቸው ዕርቅ አላቸው። ወንድምሽን ደግሞ ይህን አስታውሺው፤ የውርሱ ጉዳይ ከከረረ ሦስታችሁንም ቁጭ አድርጎ የሚሸመግል የአባታችሁ ወዳጅ ማን ነው? አጥር ላይ ቆሞ የሰደባቸው ሰውዬ ናቸው።

እናፍርሰው ወይ ላልሽው፣ አታፍርሱት፤ አንድ ብሎኬትም አትጨምሩ። ወረዳው ያስተላለፈውን ትእዛዝ በጽሑፍ ጠይቂ፤ ቀኑን ያዢ። አንሡ የሚል ደብዳቤ ከመጣ አንሡት፤ አራት መደዳ ብሎኬት ተፈቶ መልሶ ይሠራበታል። አግባብ አይደለም ብላችሁ ካመናችሁ ይግባኝ የሚቀርብበትን መንገድ ወረዳውን ጠይቂ። እስከዚያው ሲሚንቶውን ከመሬት ከፍ አድርገሽ ጣውላ ላይ ደርድሪና ሸራ አልብሺው፤ እርጥበት ካገኘው ድንጋይ ነው የሚሆነው። አሸዋውንም ከመንገድ አስገቢው። የተቆፈረው መሠረት ክረምቱን ውሃ አቁሮ የጋሼን አጥር ሥር እንዳይበላው መፍሰሻ አብጁለት።

ለዚህ ክረምት አይደርስም፤ ይህን ለእህትሽም በግልጽ ንገሪያት። በዓመቱ መጨረሻ ከመጣች የምታርፍበት ዋናው ቤት ውስጥ አንድ ክፍል አስተካክሉላት፤ የእድሳት ፈቃድ የሚያስፈልገው መሆን አለመሆኑን ወረዳውን ጠይቀሽ። እንዲያውም መጥታ ፍርድ ቤቱንም ስምምነቱንም ራሷ ቁጭ ብላ ብትጨርሰው ሳይሻል አይቀርም።

ከወንድምሽ ጋር ሒሳብ ስትሠሩ ደግሞ ግንበኞቹ የሠሩበት ተከፍሏቸው እንደሆነ ጠይቂ። ካልተከፈላቸው ከቀረው ብር ላይ መጀመሪያ የእነሱን አውጡ።